የገረጣውን የመኪና ፕላስቲክ በቤት ስለ መቀባት

የመኪና እርጅና ከሁሉ አስቀድሞ በፕላስቲኩ ይታወቃል። ሞተሩ ገና ደኅና ሳለ፣ የላሜራውም ቀለም ሲታጠብ የሚያበራ ሆኖ ሳለ፣ የፊቱና የኋላው መከላከያ፣ በበሮቹ ጎን የተለጠፈው ጥብጣብ፣ የጎን መስተዋቶቹ ልባስና የፊቱ ፍርግርግ ከጥቁርነት ወደ አመድነት ይለወጣሉ። በጣት የዳሰሷቸው እንደ ሆነም እንደ ጠመኔ ያለ ትቢያ ይተዋሉ። ባለቤቱ ባየው ቁጥር ቅር ይለዋል፤ ለመሸጥ ያሰበ እንደ ሆነ ደግሞ ደላላው አስቀድሞ ጣቱን የሚቀስረው ወደዚሁ ነው።

ይህ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ። ስለዚህ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው በእጁ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኖበታል። ፕላስቲኩን በአዲስ ለመለወጥ የሚጠየቀው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ በቤት መቀባቱ ግን በሁለት ቅዳሜና በጥቂት ጣሳ ቀለም የሚፈጸም ሥራ ነው። ዳሩ ግን የሥራው ክብደት ከመቀባቱ ይልቅ በማጠቡ ላይ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ገንዘቡንም ድካሙንም ይከስራል።

እኔም ከከሰሩት አንዱ ነበርሁ። የእኅቴ ልጅ ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው የሙሽራዪቱን አያቶች የማመላልሰው እኔ መሆኔ ተነገረኝ፤ መከላከያው አመድ መልበሱ አሳፍሮኝ በጨርቅ ጠራረግሁትና አንድ ጣሳ ጥቁር ቀለም ነፋሁበት። በሠርጉ ዕለት ያየው ሁሉ «መኪና ለወጥህ ወይ?» አለኝ። ክረምቱ ገብቶ ሁለት ጊዜ በግፊት ውሃ ካሳጠብሁት በኋላ ግን ቀለሙ እንደ ድንች ልጣጭ እየተገሸለጠ ይወድቅ ጀመር። ግራጫው እንኳ አንድ ዓይነት መልክ ነበረው፤ ይህኛው ዝንጉርጉር ሆነና መኪናው የቆዳ በሽታ የያዘው መሰለ። አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ዘንድ ወስጄ ባሳያቸው በጥፍራቸው ጫር አደረጉና፦ «ልጄ፣ አንተ የቀባኸው ፕላስቲኩን መቼ ሆነና? አቧራውን ነው። አቧራው ሲሄድ ቀለሙን ይዞት ሄደ» አሉኝ። የቀረውን ቀለም ፍቄ ለማንሣት ብቻ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሠራሁ።

በአባቶቻችን ዘመን ይህ ችግር አልነበረም። በአዲስ አበባ ጎዳና አሁንም አልፎ አልፎ የሚታዩት የጥንቶቹ ፊያት 600 እና ቮልስዋገን መከላከያቸው በክሮም የተለበጠ ብረት ነው፤ ቢዝግ እንጂ አይገረጣም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1972 የወጣው የፈረንሳዩ ሬኖ 5 የፕላስቲክ መከላከያ ይዘው በብዛት ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ተከተሉት። ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ አይዝግም፤ ትንሽ ግጭት ሲያገኘውም ተመልሶ ይቃናል። ጠላቱ ፀሐይ ነው።

የሽማግሌው ቃል በሳይንስም የተመሰከረ ነው። ፕላስቲክ እጅግ ረጃጅም ከሆኑ የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ ነገር ነው፤ ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ እነዚህን ሰንሰለቶች በላይኛው ገጽ ላይ ይበጣጥሳቸዋል። ፋብሪካው ጥላሸት የመሰለ ካርቦን በፕላስቲኩ ውስጥ ይደባልቃል፤ ካርቦኑ ጥቁሩን መልክ ከመስጠቱም በላይ ጨረሩን እየዋጠ ፕላስቲኩን ለብዙ ዓመት ይጠብቀዋል። ሆኖም ውሎ አድሮ የላይኛው ስስ ገጽ ይሞትና ዱቄት ይሆናል፤ ግራጫ መስሎ የሚታየንም ይኸው ዱቄት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም እንኳ በመኪናችን ላይ የሚወርደው ጨረር በባሕር ዳርቻ ከሚወርደው በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በሰመራ ወይም በድሬዳዋ የሚያገለግል ሹም ደግሞ ጨረሩ ቢቀንስለትም ሙቀቱ አይቀርለትም፤ ሙቀትም ፕላስቲክን ቶሎ ያደርቃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት የፕላስቲኩን ዓይነት ማወቅ ይገባል። ክፍሉ ሲፈታ በጀርባው ላይ በላቲን ፊደል የታተመ ምልክት ይገኛል። «ፒፒ» የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ አብዛኛው መከላከያ ከዚህ ወይም ከዚህ ጋር ጎማ መሰል ነገር ከተደባለቀበት የተሠራ ነው። «ኤቢኤስ» የሚል ከሆነ ደግሞ ጠንከር ያለው ዓይነት ነው፤ በፍርግርግና በመስተዋት ልባስ ላይ ይበዛል። ምልክቱ ካልተገኘ ከማይታይ ስፍራ እንደ ጥፍር ቍራጭ ያለ ቅራፊ ቆርጦ ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል፤ ኤቢኤስ ይሰጥማል። ማዕድን የተጨመረበት ፖሊፕሮፒሊን ግን ሊሰጥም ይችላልና ከውሃው ፈተና ይልቅ የታተመው ምልክት ይታመናል።

ይህ ልዩነት የሚያስፈልገው ስለ ሁለት ነገር ነው። ፖሊፕሮፒሊን በተፈጥሮው ምንም ነገር እንዲጣበቅበት አይወድም፤ ቀለም ሲያርፍበት ውሃ በኮባ ቅጠል ላይ እንደሚሆነው ይሆናል። በፋብሪካ ይህን ለማሸነፍ ገጹን በነበልባል ይዳስሱታል፤ በቤት ግን ይህ የሚሞከር አይደለም፤ ስለዚህ «ፕላስቲክ ፕራይመር» የሚባለውን ማጣበቂያ አስቀድሞ መንፋት የግድ ነው። ኤቢኤስ በበኩሉ ቀለም በቀላሉ ይቀበላል፤ ነገር ግን በቲነር የጠረጉት እንደ ሆነ ገጹ ይሟሟና እንደ ቀለጠ ሰም ይለሰልሳል። ብዙ ሰው በንጽሕና ስም ፕላስቲኩን የሚያበላሸው በዚህ ነው።

ዕቃውን ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው በቃላት እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። አማርኛን ከመጻሕፍት የተማሩ አንባብያን በተለይ ይህን ያስተውሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «የፕላስቲክ ቀለም አለህ ወይ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ባለ ሱቁ ወጣት «ስንት ጋሎን ይሁንልዎ ጋሼ? ለውስጥ ነው ለውጭ ግድግዳ?» አለኝ። በቀለም ነጋዴዎች ዘንድ «ፕላስቲክ ቀለም» ማለት በውሃ የሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ነውና ልጁ አልተሳሳተም። ስለዚህ «ለመኪና መከላከያ የሚሆን፣ በጣሳ የሚነፋ ደብዛዛ ጥቁር» ብሎ መናገር ይሻላል። «አንቲረስት» ቢያቀርቡም አለመቀበል ነው፤ እርሱ ለብረት እንጂ ለፕላስቲክ አይደለም። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ደግሞ መከላከያን «ፓራውርቲ»፣ የጎን መስተዋትን «ስፖኪዮ»፣ ከጎማ በላይ ያለውን ክፈፍ «ፓራፋንጎ» ሲሉ ይሰማል። እነዚህ ቃላት ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ በጋራዥ ቤት ያለ እነርሱ መግባባት አይቻልም።

ለፊትና ለኋላ መከላከያ ከጎን ጥብጣቡ ጋር ባለ 400 ሚሊ ሊትር ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ ቀለምና አንድ ጣሳ ፕራይመር ይበቃል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባይመረጥ መልካም ነው፤ የእጅን ስሕተት ሁሉ እንደ መስተዋት ያሳያል። ደብዛዛው ግን ይቅር ባይ ነው፤ ከፋብሪካው መልክም ጋር ይስማማል።

አሁን ወደ ማጠቡ እንመለስ። በመኪናው ፕላስቲክ ላይ ያለው ቆሻሻ የመንገድ አቧራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል በሆነ ነበር። አብዛኛው አሮጌ መኪና ግን ለዓመታት በየላቫጆው ሲታጠብ ኖሯል፤ አንዳንድ አጣቢዎችም መኪናው አምሮ እንዲወጣ ፕላስቲኩን በናፍታ ወይም ሲሊኮን ባለበት ማብረቂያ ይወለውሉታል። የሊስትሮ ጥቁር ቀለም የሚቀቡም አሉ። ይህ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ያሳምራል፤ ከዚያም በዝናብ ይታጠባል፤ ቅባቱ ግን በፕላስቲኩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የተነፋ ቀለም ወዲያው እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሆነ ይሸሻል።

ስለዚህ በመጀመሪያ በለብታ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ጠጕረ ጠንካራ ባልሆነ ብሩሽ፣ እያንዳንዱን ስርጓዳ እየተከተሉ ማጠብ ነው። የሚወርደው ውሃ ጥቁርና ግራጫ ይሆናል፤ ይህ የሞተው ገጽ እየለቀቀ መሆኑን ያሳያል። አጥቦ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቆ፣ እንደ ገና በአዲስ ሳሙና ማጠብ ነው። እኔ በሁለተኛው ሙከራዬ አራት ጊዜ አጠብሁ፤ የሦስተኛው ውሃ እንኳ ገና አልጠራም ነበር። ከደረቀ በኋላ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ 70 ከመቶ አልኮል ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አርሶ መጥረግ ይገባል፤ ጨርቁ ሲቆሽሽ ይለወጣል እንጂ ተገልብጦ አይደገምበትም። የእጅ ማጽጃ የሚሆነው አልኮል ግን ግሊሰሪን ስለሚጨመርበት ለዚህ አይበጅም።

መጽዳቱንስ በምን ማወቅ ይቻላል? ንጹሕ ውሃ በላዩ ላይ ያፈስሱና ይመልከቱ። ውሃው እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ከወረደ ቅባቱ ወጥቷል። በመካከሉ ተሰብሮ ወደ ጠብታ የሚሰበሰብ ከሆነ ግን በዚያ ስፍራ ሲሊኮን አለና እንደ ገና ይታጠብ። ፖሊፕሮፒሊን ውሃን በተፈጥሮው ጥቂት ስለሚገፋ፣ ይህን ፈተና በብርጭቆ ወረቀት ከሻከረ በኋላ መድገም የተሻለ ነው። ይህን ያህል ለማጠብ ትዕግሥት የሌለው ሰው ቢኖር መኪናውን እንደ ገረጣ ቢተወው ይሻለዋል ባይ ነኝ። ግራጫነት ነውር አይደለም፤ የተላጠ ቀለም ግን ጎረቤት ሁሉ የሚያነበው ማስታወቂያ ነው።

ሊፈታ የሚችለውን ክፍል ፈትቶ መሥራት ከመሸፈን ይበልጣል። ሆኖም ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ጊዜ እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰበራል፤ መያዣዎቹን በማለዳ አይንኳቸው፤ መኪናው ፀሐይ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ወይም ለብ ያለ ውሃ ያፍስሱባቸው። የማይፈታውን በወረቀት ፕላስተርና በጋዜጣ ይሸፍኑ። ለዚህ ይህ ጋዜጣ ራሱ ይበጃል፤ አስቀድሞ ከተነበበና ሁለት እጥፍ ሆኖ ከተለጠፈ አንነቅፍም።

ከዚያ በኋላ ገጹን ማሻከር ነው። ልሙጥ የሆነውን በ400 ቍጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራሱ በቀስታ ማሸት ነው፤ ወፍራሙ ወረቀት ፖሊፕሮፒሊንን ጠጕር ያስበቅለዋል። እንደ ቆዳ የተጨማደደ ጥለት ያለውን ግን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ስሕተት ነው፤ ጕብታው ይላጭና ስርጓዳው ይቀራል፤ መልኩም ቡፍ ያለ ይሆናል። ለእርሱ በጋራዥ ሰዎች ዘንድ የታወቀው ግራጫ ለስላሳ መፈግፈጊያ ይስማማዋል፤ በየጥለቱ እየገባ ያሻክራል። አሽቶ ሲያበቃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በአልኮል አንድ ጊዜ ይጠረጋል። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ የጣት ወዝ ብቻውን ቀለም ያስሸሻልና።

ስለ ስፍራውና ስለ ሰዓቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ይህ ለቤተ ሰብ ደኅንነት ከሁሉ የሚበልጥ ነውና። በጣሳው ውስጥ ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ በማብሰያ ሲሊንደር ካለው ጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል። የቡና ከሰል ምድጃ የሚቀመጠውም መሬት ላይ ነው። ቅዳሜ ጧት አባት በግቢው ሲነፋ፣ እናት በበረንዳው ላይ ቡና ስታፈላ፣ ልጆች በመካከል ሲሮጡ የሚታይበት ቤት ብዙ ነው፤ ይህ ፈጽሞ መሆን የለበትም። ቡናው ይቈይ፤ ዕጣኑም ይቈይ፤ ሲጋራም አይለኰስ። ቀለም በዝግ ጋራዥ ውስጥ አይነፋም። የነፊው አፍ መሸፈኛ የጨርቅ ብቻ ከሆነ ብናኙን እንጂ ጠረኑን አይከለክልም፤ ስለዚህ ደጅ ላይ፣ ለስላሳውን ነፋስ በጎን አድርጎ መቆም ይገባል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ከአጠገብ ይራቁ።

ለአዲስ አበባ የሚስማማው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰዓቱም ከጧቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው። ከዚያ በፊት ፕላስቲኩ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ጤዛም ይኖርበታል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራ ያነሣል። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ስፍራም መንፋት አይገባም፤ ቀለሙ ገጹ ላይ ሳይደርስ ይደርቅና ሻካራ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ይህን ሥራ ማሰብ ከንቱ ነው።

መንፋቱ ከሁሉ አጭሩ ክፍል ነው። ጣሳው ውስጡ ያለችው ኳስ መንቀጫቀጭ ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ይናጣል። ፕራይመሩ ስስ ሆኖ ይነፋል፤ ብዙውን ጊዜ ቀለም የለሽ ነውና ምንም ያልሠራ ይመስላል፤ በዚህ ተታሎ ማወፈር አይገባም። በጣሳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ ሳይዘገዩ፣ ቀለሙን ማስከተል ነው። እጅ ከገጹ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ መንፋት የሚጀመረው ከክፍሉ ውጭ ነው፤ የሚቆመውም ክፍሉን ካለፉ በኋላ ነው። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይደርባል። የመጀመሪያው ንፊት ፕላስቲኩን ሊሸፍነው አይገባም፤ እንደ ጭጋግ ተበትኖበት ግራጫው አሁንም ይታይ። ጀማሪ ሰው ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቶሎ ጥቁር ሆኖ ማየት ይፈልጋል፤ ቀለሙም እንባ ሆኖ ይወርዳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየጠበቁ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መደረብ ነው። እንባ ከወረደም በጣት አይነካ፤ በማግስቱ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ እንደ ገና መንፋት ይቻላል። የወረቀቱ ፕላስተር ግን ቀለሙ ጨርሶ ሳይጠነክር፣ ወደ ኋላ ታጥፎ በዝግታ ይነሣ።

በላስቲክ በተሠራው የመስኮት ጠርዝና በመብራቶች ላይ ቀለም እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ ላስቲክ ሲለጠጥ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ቀለሙ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለእጅ የደረቀ ቢመስልም እስከ ሳምንት ድረስ ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፤ በዚያ ሳምንት መኪናው አይታጠብ። ሳምንቱ ሲያልፍ በማይታይ ስፍራ ፕላስተር ለጥፎ በኃይል መንጨት ነው። ፕላስተሩ ባዶውን ከመጣ ሥራው ተሳክቷል። የእኔው ሁለተኛው ቅብ አሁን ሦስተኛውን ክረምት ይዟል፤ በፊቱ መከላከያ ታችኛው ጠርዝ ላይ ጠጠር የመታው አንድ ስፍራ ብቻ ጥቂት ለቋል፤ እርሱንም ከተረፈው ጣሳ ነክቼዋለሁ።

ስለዚህ የተረፈውን ቀለም አይጣሉት። ጣሳውን ዘቅዝቀው ጋዝ ብቻ እስኪወጣ ጥቂት ይንፉ፤ አፉ በደረቀ ቀለም እንዳይዘጋ ይህ ይበቃዋል። ከዚያም ልጆች በማይደርሱበት ጥላ ስፍራ ያስቀምጡት። በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን አይተዉት፤ ጣሳው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪናም እዚያ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም።